የጎደለው ነጭ ክር

የኢስሃቅ ጭንቅላት ከኋላ ተፈርክሷል። ገዳዩ አንዴ መትቶ አልበቃውም፤ ከወደቀም በኋላ ደጋግሞታል። የአምስት ኪሎው የሚዛን ብረት ደምና ፀጉር ተለጥፎበት በገበሬ ማኅበሩ ጎተራ በር ሥር ተጥሏል። ሟቹ በቀኝ እጁ አንድ ወረቀት ጨብጧል።

ሃምሳ አለቃ ዘይኑልአቢዲን ከውጫሌ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ሲደርስ ረፍዷል። መርማሪ ነው፤ ብዙ አይናገርም፣ ሲያይ ግን እንደ አንጥረኛ ቀርቦ ነው የሚያየው። ተንበርክኮ ወረቀቱን ከሟቹ ጣቶች አላቀቀ። መዳፉ በደረቀ ደም ተለብጧል። ወረቀቱ ግን ንጹሕ ነው። የስም ዝርዝር ነው፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ባይደክሙ ምናለ» አለ የመንደሩ የሚሊሺያ መሪ ሰላሀዲን። «ገዳዩን ይዘነዋል። መኪኖቹ ቀትር ላይ ይነሳሉ፤ ከዚያ በፊት እርምጃ ይወሰድበታል።»

«ማነው የሚወስደው?»

«እኔ ነኛ።»

ጊዜው ኅዳር 1977 ነው። ዝናቡ የካዳቸው፣ ማሳቸው ባዶ የቀረ አባወራዎች ለሰፈራ ተመዝግበዋል። ከታች መንገዱ ላይ ሦስት ኦራል መኪኖች ቆመዋል፤ አንዱ መተከል፣ አንዱ ጋምቤላ፣ አንዱ ወለጋ ነው የሚሄደው። የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ኢስሃቅ ትናንት ከሰዓት ከላይኛው ቤት ጀምሮ ቁልቁል እየወረደ፣ ተመዝጋቢዎቹን በየደጃፋቸው እየጻፈ፣ በቅርጫት ልክ ቆጥሮ የያዘውን ክር በባልና በሚስት እጅ ላይ አስሯል። ለመጀመሪያው ቤት ቀይ፣ ለሁለተኛው ነጭ፣ ለሦስተኛው ጥቁር፤ ከዚያ እንደገና ከቀይ። ክሩ የመኪናው ምልክት ነው፤ ቀዩ የመተከል፣ ነጩ የጋምቤላ፣ ጥቁሩ የወለጋ። ሦስቱም እኩል እንዲጭኑ ብሎ ነው፤ ስንቱን ቤተ ዘመድ ለሦስት እንደሚቆርጥ ግን ያወቀው ሲያስር ነው።

ተጠርጣሪው ፈንታሁን ግራሩ ሥር የፊጥኝ ታስሯል። ውስጥ እግሩን ገርፈውት ቆዳው ተልጧል። ገመዱ ሥር ጥቁር ክር ይታያል።

«ገደልከው?» አለው ዘይኑልአቢዲን።

«አልገደልኩትም።»

«ዝተህበታል ይላሉ።»

«ዝቻለሁ፣ አልክድም። ሚስቴን ባለፈው ወር ቀበርኩ። የቀረኝ ወንድሜ አያሌው ነው፤ ቤቱም ከኔ ቀጥሎ ነው። እኔን ጥቁር፣ እሱን ቀይ አሰረን። እግሩ ላይ ወደቅሁ። 'ላንተ ብዬ ተራ ከዘለልኩ ነገ ለማን እምቢ እላለሁ?' አለኝ። ደምህን እጠጣለሁ ያልኩት ያኔ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ማን ይመሰክርልኛል? ግድግዳው?»

ዘይኑልአቢዲን ሽቅብ ወጣና ጸዳለ ከምትባል ብቸኛ ባልቴት ደጃፍ ቆመ። እጇ ላይ ቀይ ክር አለ።

«እትዬ ጸዳለ፣ ኢስሃቅ ሲያስርልዎት ምን አለ?»

«ምን ይላል ልጄ፣ እንባው ነው የቀደመው። 'እትዬ፣ ዛሬ የማንንም ፊት አላየሁም፤ ነገ ይፈርዱልኛል' አለኝ። ወላሂ ብሎ ማለ።»

«ከዚህ ወጥቶ ወዴት ሄደ?»

«ቁልቁል ነዋ። ፈንታሁን ዘንድ እስኪደርስ ግን ቆየብኝ። መንገዱ አጭር ነው፤ ምን እንደያዘው እንጃ።»

ዘይኑልአቢዲን መንገዱን ቁልቁል አየ። በጸዳለና በፈንታሁን ቤት መካከል አንድ ቆርቆሮ ክዳን ቤት አለ። በሩ በጠራራ ፀሐይ ተዘግቷል።

ወደ ጎተራው ተመልሶ የክሩን ቅርጫት አየው፤ ባዶ ነው። ከዚያ ተመዝጋቢዎቹ ሁሉ ግራሩ ሥር እንዲሰበሰቡ አዘዘ። ሰላሀዲን ፀሐይዋን እያየ ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ ያዛውራል።

«ስም ስጠራ እየመጣችሁ በተርታ ቁሙ፤ እጃችሁን ወደ ላይ» አለ ዘይኑልአቢዲን ወረቀቱን ዘርግቶ።

አሥራ ሦስት ስም ተጠራ። ፈንታሁንንም ከነገመዱ አምጥተው አቆሙት። ዘይኑልአቢዲን በሰልፉ ፊት እየተራመደ ክሮቹን ጮክ ብሎ አነበበ።

«ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር። ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር። ሰባተኛ እትዬ ጸዳለ፣ ቀይ። ስምንተኛ ፈንታሁን…» ቆመ። «ጥቁር። ከቀይ ቀጥሎ ጥቁር? ከዚያ አያሌው ቀይ፣ ከዚያ ነጭ፣ ከዚያ ጥቁር፤ እስከ መጨረሻው ልክ ነው። አንድ ነጭ ክር ብቻ የት ገባ?»

«ተሳስቶ ይሆናላ» አለ ሰላሀዲን። «ሰው አይደለም?»

«ለሚለምነው ሰው ተራ ያልዘለለ፣ ማንም ሳይለምነው ይዘላል? ክሩ ቢዘለል ቅርጫቱ ውስጥ በተረፈ ነበር፤ ቅርጫቱ ባዶ ነው። ክሩ ታስሯል። የጠፋው ስሙ ነው። ይህን ወረቀት ኢስሃቅ አልጻፈውም። እጁ በደም ተለብጦ ወረቀቱ ንጹሕ የሆነው፣ ደሙ ከደረቀ በኋላ ስላስጨበጡት ነው። ገዳዩ ዋናውን አጥፍቶ፣ አንድ ስም ትቶ ገለበጠው። አንድ ስም ቢወጣ ሌላው ባለበት የሚቆም መስሎት። ተራ ግን እንደዚያ አይደለም፤ አንዱ ሲወጣ ከሱ በታች ያለው ሁሉ ይዛነፋል። ክሩ ደግሞ አስቀድሞ በሰው እጅ ላይ ታስሯል።»

ሰልፈኛው ሁሉ የገዛ እጁን ማየት ጀመረ።

«ኢስሃቅ የጻፈው በቤት ቅደም ተከተል ነው። በእትዬ ጸዳለና በፈንታሁን መካከል ያለው ቤት የማነው?»

ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞረ።

«እኔ የሚሊሺያ መሪ ነኝ!» አለ ሰላሀዲን። «እኔን ማን ይመዘግበኛል?»

«ይህን ሰው ሁሉ ያታለለው ይኸው መሪነትህ ነው። መሪ አይመዘገብም ብሎ ማንም አልጠረጠረም። ኢስሃቅ ግን ያንተም ማሳ ባዶ መሆኑን አየ፤ የማንንም ፊት አላይም አለ። ባለፈው ዓመት በመሠረተ ትምህርት መጻፍ ተምረህ የተሸለምከው አንተ አይደለህም? ሚስትህን ጥሩልኝ።»

«ታማለች። አትወጣም።»

ሚስቱ አሚናት ግን ሳትጠራ ከሰዉ ኋላ ቆማ ነበር። ነጠላዋን ገልጣ ቀኝ እጇን አወጣች። ነጭ ክር ታስሮበታል።

«ጀምበር ልትጠልቅ ስትል እጅጌው በደም ርሶ ገባ» አለች። «የራሱን ክር እሳት ውስጥ ጣለው። 'ያንቺንም ጣዪ፣ አንሄድም' አለኝ። ጣልኩ ብዬ ዋሸሁት። የሟች እጅ ያሰረውን መፍታት ፈራሁ፤ አላህን ፈራሁ።»

ሰላሀዲን ጠመንጃውን በአፈሙዙ ይዞ በሰደፉ እጇን መታት። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ሁለተኛውን ሳይሰነዝር አያሌው አንገቱን አንቆ መሬት ላይ ደፋው፤ ፊቱን ከድንጋዩ ጋር አላተመው፣ ደገመው። ዘይኑልአቢዲን ሽጉጡን መዝዞ ባይደርስ ሌላ ሬሳ ይቆጠር ነበር።

«ልቀቀው አያሌው። ወንድምህን ፍታው።»

ሰላሀዲን ጥርሱን ከደም ጋር እየተፋ በዚያው ገመድ ታሰረ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች።

ከታች የመኪናው ጥሩምባ ጮኸ። ፈንታሁን ከጥይት ተርፏል፤ ከጥቁሩ ክር ግን አልተረፈም። ወንድሙን አንገቱን አቅፎ መላቀቅ አቃተው። ዘይኑልአቢዲን ገዳይ ማውጣት ይችላል፤ ሰፈራ የመሰረዝ ሥልጣን የለውም። አፈረ፤ ፊቱን አዞረ።

ይኼኔ ጸዳለ ከሰልፉ ወጥታ በጥርሷ ቀዩን ክሯን ፈታች።

«እኔ ብቻዬን ነኝ» አለች። «መተከልም ወለጋም የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ጥቁሩን ስጠኝና ከወንድምህ ጋር ውጣ።»

ፈንታሁን ጣቶቹ ከእስሩ ደንዝዘው ቋጠሮው እምቢ አለው። ዘይኑልአቢዲን ራሱ ፈታለት፤ ቀዩን አሰረለት፣ ጥቁሩን ለጸዳለ። አንድ ለአንድ ነው፤ መኪኖቹ የሚጭኑት ያው እኩል ነው። ኢስሃቅ ይህን ቢያይ እምቢ የሚልበት ምክንያት አልነበረውም። ትናንት ማንም አላሰበውም እንጂ፣ እሱም ጭምር።