የእማማ አቻምየለሽ ፊት

ከቀዩ አምፖል ሥር፣ የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ሳህን ውስጥ፣ መጀመሪያ የበርጩማው እግር ታየ። ቀጥሎ የእማማ አቻምየለሽ ነጠላ። ያምሮት ትንፋሿን ይዛ ፊቱን ጠበቀች። ፊት አልመጣም። አንገት ላይ ጭጋግ ብቻ።

«ተነቃንቀዋል» አሉ ጋሽ ገብረ ሕይወት ከኋላዋ። «ምን ነክቷቸው ነው?»

«እንጃ ጋሼ። ዝም ብለው ነው የተነቃነቁት።»

ዋሸች።

የጋሽ ገብረ ሕይወትን ባለሦስት እግር የእንጨት ካሜራ ብቻዋን የያዘችው ትናንት ነው፤ በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ጥቁር ጨርቅ ተከናንባ የሰው ምስል ተዘቅዝቆ በሚታይበት መስታወት ላይ ሁለት ወር ከተለማመደች በኋላ። ካሜራው መዳፍ በሚያህል ፊልም አንድ ፎቶ ብቻ ያነሳል። የሚጫን ነገር የለውም፤ የሌንሱን ክዳን አንስቶ መቁጠር ነው። ጋሽ ገብረ ሕይወት ድሮ የቆሎ ተማሪ ስለነበሩ በ«እግዚኦ» ነው የሚቆጥሩት። ለጥላ አራት እግዚኦ። «በልብሽ ታዲያ» ብለዋት ነበር።

እሷ ደንግጣ ጮክ ብላ ቆጠረች። እማማ አቻምየለሽ ደግሞ «እግዚኦ» እየተባለ ዝም ብሎ መቀመጥ የት ያውቃሉ? አማትበው አንገታቸውን ደፉ። አራቴ።

ፎቶ ከመነሳታቸው በፊት እየሳቁ አጫውተዋት ነበር። «ባሌ ሲሞት ፎቶ የለው፣ የወንድሙን ይዘን አለቀስን። ወንድምየው ቆሞ እያየ! የኔንስ በቁሜ ላሰናዳ ብዬ ነው።»

«በራሱ ጥፋት የተነቃነቀ ዳግም አይነሳም» አሉ ጋሽ ገብረ ሕይወት፣ እጃቸውን እየጠረጉ። «የቀረው አንድ ፊልም ነው፤ እሱም ለድካምሽ ቃል የገባሁልሽ፣ ያንቺ ነው። ቃሌን አላጥፍም፤ ቃል ማጠፍስ የዚህ ከተማ ሰው ያውቅበታል።»

የቀለም ፎቶ ቤት ከተከፈተ ወዲህ የፍኖተ ሰላም ከተማ ረስታቸዋለች። ለመታወቂያ ደጃቸው ሲጋፋ የኖረው ሁሉ ዛሬ ሰላምታ ይነፍጋቸዋል። ያምሮትንም የክፍሏ ልጅ ዘመኑ «ሳጥን ተሸካሚ» ይላታል። በዚያ ፊልም የክፍሉን ልጆች በሙሉ አንስታ አፉን ልታስይዘው ነበር ያሰበችው።

ቅዳሜ እማማ አቻምየለሽ ከጅጋ ድረስ በእግራቸው መጡ። ጋሽ ገብረ ሕይወት ጭጋጉን አሳዩዋቸው።

«ውይ፣ እኔው ነኝ» አሉ፣ እግራቸው ላይ ያለውን አቧራ እያዩ። «ይቺ እጄ ናት አርፋ የማትቀመጥ። ጋሼንም አስቆጣሁብሽ፣ ልጄ?»

ያምሮት ወደ ጋሽ ገብረ ሕይወት ዞረች።

«ጋሼ፣ ጮክ ብዬ ነው የቆጠርኩት» አለች። «ጸሎት መስሏቸው ነው። ያን ዕለት ዋሽቼዎታለሁ።»

ጋሽ ገብረ ሕይወት አዩዋት። «አማተቡ?»

«አራቴ።»

አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ፊልሙ ያንቺ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ አላዝበትም።»

ያምሮት በርጩማውን ይዛ ወጣች። ግድግዳው ሥር ጥላው ውስጥ አስቀመጠችው፣ እማማ አቻምየለሽን በክንዳቸው ደግፋ አስቀመጠቻቸው፣ ነጠላቸውን አስተካከለችላቸው። ከዚያ ፊልሙን ከካሜራው ጀርባ አስገባች።

እማማ አቻምየለሽ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ፣ በከንፈራቸው ጫፍ «መተንፈስስ ይቻላል?» አሉ።

«ይተንፍሱ፣ እማማ» አለቻቸው፣ እጇን ወደ ክዳኑ እየሰደደች።