ጥላሸት የተቀባው ብር

«ብሩን ለምን ጥላሸት ቀባሽው?» ሲል አስተርጓሚው ኃይለማርያም የፈረንሳዩን ዳኛ ጥያቄ በአማርኛ አሰማ።

አሰገደች በሁለት ዘበኞች መካከል ቆማለች። ሦስት ወር እስር ቤት ከርማ እንኳ ነጠላዋ ንጹሕ ነው። በመጀመሪያው ችሎት የመለሰችውን ዛሬም ደገመች። እናቷ ያሉት ቡልጋ ነው፤ የዚያ አገር ሰው አዲስ የሚያብለጨልጭ ማርትሬዛ ብር ሲያይ ይጠረጥራል፣ አይቀበልም። በባቡር ለሚሄድ ሰው አደራ ሰጥታ ልትልክላቸው ስለነበር በጥላሸትና በሎሚ አሽታ አሮጌ አስመሰለችው። ሌላ ነገር የለውም።

ውቢት ከኋላው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ትቆላልፋለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ካርቲየ 2 በሚባለው የወደቡ ከተማ ሰፈር የባቡር ሠራተኞችን ልብስ እያጠበች ያሳደገቻት አክስቷ አሰገደች ናት። አሰገደች ከብሮቹ በአንዱ ከሩቅያ ሱቅ ሳሙና ልትገዛበት ስትል ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ፖሊስ ቤቷን ሲፈትሽ ሌሎች አራት አገኘ፣ ሁሉም ጥቁር። ንጹሕ ሰው ገንዘብ አያጠቁርም ብሎ የመጀመሪያው ዳኛ ሁለት ዓመት ፈረደባት። ይህ ይግባኝ ካልተሳካ ሌላ በር የለም።

ሩቅያ ለምስክርነት ተጠራች። ሱቋን ያዋረደችባትን ሴት ታሰጥማታለች ብሎ ያላሰበ አልነበረም። እሷ ግን ከመቀነቷ ሁለት ጥቁር ብር አውጥታ ዳኛው ፊት አስቀመጠች። እሷም ታጠቁራለች፤ ከሐረር ለሚመጣው ነጋዴ አዲስ ብር ብትሰጠው ፊቷ ላይ ይወረውረዋል። ደግሞ ለዚህች ሴት ብሩ ሲጣል አይጮኽም፣ ሐሰተኛ ነው ስትላት፣ ሌላ ሰው ቢሆን ይፈረጥጥ ነበር፤ እሷ ግን ፖሊስ እስኪመጣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። ሩቅያ ይህን ሁሉ ስትናገር ዓይኗን ከዳኛው አልነቀለችም።

ዳኛው ከሩቅያ ብሮች አንዱን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ጥርት ብሎ ጮኸ። አንገቱን ነቅንቆ ጻፈ። የጥላሸቱ ነገር በዚህ አለቀ።

ቀጥሎ ግን ብሮቹን ማን እንደሰጣት ጠየቀ፤ መልኩን እንድትነግረው ፈለገ። አሰገደች አላስታውሰውም አለች። በመጀመሪያው ችሎት ረጅም ነው ብላ ኋላ አጭር ብላ ነበር፤ ውሸታም ያስባላትም ይኸው ነው። አንድ ቀን እንኳ አይታው አታውቅም።

ያየችው ውቢት ናት። አክስቷ ልብስ ልታደርስ ወደብ ስትሄድ፣ ብር በፍራንክ ሊዘረዝር የሚመጣ ሰው ካለ ብሩን እያንዳንዱን ድንጋይ ላይ ጥለሽ ጩኸቱን ሳትሰሚ ፍራንኩን እንዳትሰጪ ብላት ነበር። ሰውየው ሽበታምና ጨዋ ስለመሰላት አፈረችው። እንዲያው ዝም ብላ ተቀበለች። አፍረት ክፉ ነው፤ ያች ልጅ ምን ታድርግ። ነገሩ ሲገለጥ አክስቷ ሌላ ቃል አላወጣችም፣ የተቀበልኩት እኔ ነኝ አለች። ውቢት እስር ቤት ልትጠይቃት በሄደች ቁጥርም ይህንኑ ነበር የምትላት፤ ያንቺ ስም ፖሊስ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፣ ብትተነፍሺ አልምርሽም።

ዳኛው ሰዓቱን አየ። መዝገቡን ሊዘጋ እጁን ጫነበት።

ውቢት ተነሣች። እሷንም እዚሁ ቢያስቀሯትስ? ዘበኛው ተቀመጪ ብሎ በእጁ ጠቆማት። አልተቀመጠችም።

«ጋሼ ኃይለማርያም፣ ይንገሩልኝ። ብሩን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ሰውየውን አውቀዋለሁ።»

«ልጅ ናት፣ አይስሟት» አለች አሰገደች፤ በዚያ ሁሉ ወር ድምፅዋ ሲሰበር የመጀመሪያው ነበር።

ኃይለማርያም የማንን ቃል እንደሚተረጉም ግራ ገብቶት ከአንዷ ወደ አንዷ አየ።

ውቢት አክስቷን አላየችም። ብታያት እንደማትጨርሰው ታውቃለች።

«የቀኝ ጆሮው ጫፍ ተቆርጧል» አለች፣ አስተርጓሚው አንድም ቃል እንዳያመልጠው ቀስ እያለች። «ሲራመድ ግራ እግሩን ይጎትታል። ሌላም አለ።» ኃይለማርያም ሲተረጉም ዳኛው እጁን ከመዝገቡ አንሥቶ ብዕሩን ያዘ።