የሣህሉ ኩሬ ማፍሰሻ

ሣህሉ በ1982 ግንቦት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከገዛ ኩሬው ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። አሰብን የኖረባት ያውቃል፤ በዚያ ሙቀት ግቢው ውስጥ የተምር ዛፍና ኩሬ ያለው ሰው የሚቀናበት አያጣም። እውነቱን ለመናገር እኔም ቀንቼበታለሁ።

ሰፈሩ ግን ፍርዱን ጨርሷል። ሚስቱ ትንሳኤ፣ «መሲን ከዚህ ኩሬ ካላራቅካት አንተኑ እዚሁ ውስጥ እከትሃለሁ» ብላ ስትጮህ ያልሰማ የለም። መሲ የጎረቤታቸው የክብሩ ሚስት ናት፤ ከሰዓት በኋላ እየመጣች እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ መቀመጥ ልማዷ ነው። እንግዲህ የሦስት ልጆች እናት ትንሳኤ በካቴና ታስራለች፤ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ወህኒ ልትወሰድ ነው። ጠዋት ገበያ ነበርኩ ብትል ማን ይመናት?

መርማሪዋ የመቶ አለቃ አበዛሽ ናት። መፋቂያዋን ከአፏ ሳታወጣ ኩሬው ዳር ተንበረከከች። ውሃው አፉ ድረስ ሞልቶ የተምሩን ሥር አጥለቅልቆታል።

«ማፍሰሻው የቱ ጋ ነው?»

ትንሳኤ በታሰረ እጇ አመለከተች። የቱቦው አፍ ላይ ያለው ወንፊት አንድ ቅጠል እንኳ አልያዘም። አበዛሽ ገረማትና ቱቦውን ተከትላ ከአጥሩ ጀርባ ወዳለው ቦይ ዞረች። መውጫው በጆንያ በተጠቀለለ እንጨት ተወትፏል፤ እንጨቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል።

«ኩሬው ሲሞላ ባልሽ ምን ያደርጋል?»

«ቅዳሜ ሞተር አስነስቶ ይሞላዋል። ውሃው ከአፉ ካለፈ ቁርሱንም ቢሆን ጥሎ ይሮጣል፤ የተምሩ ሥር ይበሰብሳል እያለ። ማፍሰሻውን ማንንም አያስነካም። በደረቱ ተኝቶ እጁን ወደ ቱቦው ይሰዳል።»

ከዚያ አበዛሽ የሟቹን ወንድም አባተን ጠራችው። የነዳጅ ቦቴ ሾፌር ነው፤ አስከሬኑ ከተገኘ በኋላ ነው ቦቴውን ይዞ ከአዲስ አበባ የገባው።

«ይህን ጨርቅ ታውቀዋለህ?»

«አዎ። እዚህ ከነዳጅ ማጣሪያው ስንቀዳ አያለሁ። መስመር የዘጋ ሠራተኛ ማንም ሳያውቅ እንዳይከፍተው ቀይ ጨርቅ ያስርበታል።»

የክብሩ ተራ ደረሰ። ሃያ ዓመት በማጣሪያው ኦፕሬተርነት የሠራ፣ መዳፈ ሰፊ፣ ዝምተኛ ሰው ነው።

«አቶ ክብሩ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ? ልጆች ሲጫወቱ ያሰሩት ይሆናል።»

አበዛሽ አመሰገነችውና መሲን ጨምሮ ሁሉንም ኩሬው ዳር ሰበሰበቻቸው።

«ሣህሉ አዳልጦት አልሞተም» አለች። «ወንፊቱ ንጹሕ ነው፤ ቱቦውን የዘጋው ሰው ነው። የዘጋውም ሣህሉ ሮጦ መጥቶ በደረቱ እንዲተኛ ነው። አስከሬኑ ማጅራት ላይ የሰፊ እጅ ጣቶች ምልክት ወጥቷል፤ የወይዘሮ ትንሳኤን እጅ እዩት፣ የልጅ እጅ ነው ያላት። ቱቦውን የዘጋው ሰው ደግሞ ሃያ ዓመት የለመደውን ሳያስበው ሠራ። ጨርቁን አሰረ።» ወደ ክብሩ ዞረች። «አቶ ክብሩ፣ ሾፌሩ የሚያውቀውን ጨርቅ እርስዎ አላውቀውም አሉኝ።»

ክብሩ ለመካድ አልሞከረም። መርማሪዋንም አላያትም፤ ያየው ሚስቱን ነው።

«መሲ፣ ከሱ ጋር ምን ነበራችሁ?»

«ምንም» አለች መሲ። እያለቀሰች ነው። «አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። አንተ እንድትቀና ብዬ ነበር የምመጣው። እቤት ውስጥ መኖሬን ረስተኸው ነበር እኮ።»

የትንሳኤ ካቴና ተፈታ። አባተ ክንዷን ይዞ፣ «ነይ፣ ልጆቹ ይጠብቁሻል» አላት። እሷ ግን እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ዛሬ ጠዋት እንዴት አደርሽ ሲለኝ» አለች፣ «ዘግቼው ወጣሁ።»