ሠርካለም የዘለለችው ዓረፍተ ነገር

ሠርካለም ካፒቶል ሂል በሚባለው ሰፈር ከሚገኘው የአባቷ ምግብ ቤት ፊት ለፊት፣ መሳፍንት የሚባል ወጣት ቲኬት በሚቆርጥበት ፓርኪንግ መኪናዋን ማቆም ከጀመረች ሦስት ወር ሆኗታል። እሱ ከሚቀመጥበት የቲኬት ክፍል፣ ከቡዙ፣ አጠገብ ያለችው ቦታ ሁልጊዜ ባዶ ሆና ትጠብቃታለች። ለምን እንደሆነ እሷም ጠይቃ አታውቅም፣ እሱም ነግሯት አያውቅም። «ደህና ዋልሽ?» ይላታል፤ ዓይኑ ትንሽ ይቆይባትና ወደ ቲኬቶቹ ይመለሳል።

ሁለት ጊዜ በከተማው ሐይቅ ዳር አብረው ተራምደዋል። ሁለቱንም ጊዜ የጋበዘችው እሷ ነበረች።

«ዛሬ ይዘንባል አይደል?» ስትለው፣ «አዎ» ይላል።

«አይ፣ የሚዘንብ አይመስለኝም።»

«እሱስ ልክ ነሽ።»

ትስቃለች። ቤቷ ስትገባ ግን ሳቁ ይጠፋል። ይኼ ሰው ወዶኝ ነው ወይስ እምቢ ማለት አፍሮ?

እንደ ፈረንጆቹ በ1997 መኸር፣ ከተማው የራሱን የፓርኪንግ ባለሥልጣን ያቋቁም ወይስ አያቋቁም የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ባለሥልጣኑ የግል ፓርኪንጎችን እየገዛ ዋጋ ይቀንሳል ተባለ። የፓርኪንግ ዋጋ ደንበኛ ያሸሸባቸው አባቷ አቶ ወልደ ሥላሴ፣ «ይኼ ካላለፈ ቤታችን እስከ ፋሲካም አይዘልቅ» አሉ። ሠርካለም የሐሳቡን የእንግሊዝኛ ማብራሪያ ወደ አማርኛ መልሳ ሦስት መቶ ቅጂ አባዛች። አንዱን ዓረፍተ ነገር ግን ዘለለችው። «እሱ ይቅር፣ ሰው ያምታታል» ያሏት አባቷ ናቸው።

ወረቀቱን ለመሳፍንት ወሰደችለት።

«እዚህ ፓርክ ለሚያደርጉት አበሾች ታድልልኛለህ?»

«ኦኬ፣ ምን ችግር አለው።»

ሳምንቱን ሙሉ በዝናብ ውስጥ እየዞረ፣ እያንዳንዱን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ መስታወት መጥረጊያ ሥር ሲሸጉጥ በምግብ ቤቱ መስኮት አየችው። ሐሙስ ዕለት አላስችል አላትና መንገዱን ተሻገረች።

«መሳፍንት፣ የሰጠሁህ ወረቀት ሙሉ አይደለም። አንድ ነገር ዘልዬበታለሁ።»

«በፓርኪንጎቹ ያሉ ሠራተኞች በማሽን ይተካሉ የሚለውን?»

ደነገጠች። «አውቀህ ነበር?»

«እንግሊዝኛውን እዚሁ ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አደልከው? የገዛ እንጀራህ እኮ ነው!»

«አንቺ ስትሰጪኝ እንዴት አላድልም ልበል?»

«ይሉኝታህ ይገድልሃል፣ አንተ ሰውዬ!»

የቀሩትን ወረቀቶች ነጠቀችው። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ የዘለለችውን ዓረፍተ ነገር በእያንዳንዱ ግርጌ በእጇ ጻፈች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ራሷ አደለችው። አባቷ አንዱን ተቀብለው አነበቡና መኪና ውስጥ ሲገቡ ወደ እሷ ዞሩ።

«በገዛ ልጄ?»

«አባዬ፣ ቤታችን እንዲተርፍ እፈልጋለሁ። ግን ሰው አታልለን አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን አልተነጋገሩም። ማክሰኞ ድምፅ ተሰጠ፤ ሐሳቡ በጠባብ ልዩነት አለፈ። አቶ ወልደ ሥላሴ ደስታቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ያንን የፓርኪንግ ልጅ ጥሪው። ሥራው ሲቀርበት እኛ ጋ ያስተናግድ» አሏት።

እየሮጠች ተሻገረች።

«ቡዙ ሲነሳ እኛ ጋ ትሠራለህ! አባዬ ራሱ ነው ያለው።»

መሳፍንት የቲኬቱን ጥቅል አስቀመጠ።

«አይሆንም» አለ።

«ምን አልክ?»

«አይሆንም። ኤቨረት ከተማ ያለው አውሮፕላን ፋብሪካ ለሥራ አመልክቻለሁ። የአባትሽ አስተናጋጅ ሆኜ፣ መልሼ እሳቸው ዘንድ ሽማግሌ መላክ ይከብደኛል።»

ሠርካለም የቡዙን ጠርዝ ይዛ ቆመች። ከአፉ እምቢታ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

«እስቲ ድገመው።»

«ሽማግሌውን?»

«አይሆንም ያልከውን።»

«አይሆንም፣ ሠርካለም።» ዛሬ ዓይኑን ወደ ቲኬቶቹ አልመለሰም።

«እንግዲያ አሁን ብጠይቅህ እውነቱን ትነግረኛለህ ማለት ነው። ትወደኛለህ?»

«አዎ» አለ።

አመነችው።