ያላየሁት ክፍል ሁለት

«ከየት አመጣኸው? እሱን ብቻ ንገረኝ!»

«ከፊልሙ ነዋ አዴ ጫልቱ» አልኳት፣ «ሌላ ከየት አመጣለሁ?»

«ውሸታም! ሁለቱንም ሲዲ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። በር የሚጭር ሰው የለበትም። ወንድሜን የት አገኘኸው?»

«ማሎ፣ እባካችሁ ቀስ በሉ እንጂ!» አለ ጋሽ ሸምሱ ከባንኮኒው ጀርባ፣ «ዝናብ የሚያሳልፍ ሰው ደጅ ቆሞ ይሰማን ይሆናል»፣ ከዚያም ሄዶ አንገቱን ብቅ አደረገና ግራ ቀኙን አይቶ የሱቁን የላሜራ በር ቀረቀረው። የሐምሌ ዝናብ ነበር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሰፈራችን ቡርቃ ጃቶ ውስጥ እንኳን ሰው ውሻም ደጅ አልነበረም፣ ይህን አስታውሱልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ጓደኞቼ ስለ ቡዳ ሲያወሩ የምስቅ፣ አርጆ ከተማ ያለችው አክስቴ ሕልም ስትፈታልኝ ፊቷ ላይ የማዛጋ ሰው ነኝ፣ እመኑኝ፣ እንዲያውም ችግሬ ምንም አለማመኔ ነው፣ ሰውንም ጭምር።

ጋሽ ሸምሱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ላይ ያረጀ ሲዲ አከራይ ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ ፊልሙን በፍላሽ ያስጭናል፣ ግን የሲዲ ማጫወቻ ዴካቸውን ያልጣሉ ደንበኞች አሉት፣ እነሱ ደግሞ አንድ ልማድ አላቸው፣ ሲዲውን ከመውሰዳቸው በፊት «ገጣሚው ምን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ገጣሚው እኔ ነኝ። ለእያንዳንዱ ፊልም ግማሽ ገጽ አስተያየት በእጄ እጽፍና ከሥሩ ሁለት መስመር ግጥም ጨምሬ፣ አጥፌ ሽፋኑ ውስጥ እከተዋለሁ። በዚህ ከተማ ጽሑፌን የሚያነብልኝ ሰው የሚገኘው እዚያ ፕላስቲክ ውስጥ ብቻ ነበር፣ ስለዚህ ያቺ ግማሽ ገጽ ለእኔ መጽሐፍ ነበረች።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። ፊልሙ የሚመጣው ክፍል አንድና ክፍል ሁለት ተብሎ በሁለት ሲዲ ነው፣ እኔ የማየው ክፍል አንድን ብቻ ነበር። መጨረሻውን የሚናገር ገምጋሚ ስለሌለ ማንም አልነቃብኝም። የዚህኛው ፊልም ክፍል አንድ ግን በጣም አሰልቺ ነበር፣ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህታቸው ስለ ርስት ሲጨቃጨቁ ያልቃል፣ እኔም ልቤ አበጠና መጨረሻውን ከራሴ ፈጥሬ ጻፍኩት።

አዴ ጫልቱ ወረቀቱን አፍንጫዬ ሥር ዘረጋችው። የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት፣ የጠፋ ካርድ ፈልጋ ሳታገኝ የማታርፍ ዓይነት ሴት፣ ዕድሜዋ ከእኔ በአሥር ዓመት ቢበልጥ ነው፣ ‹አዴ› የምላትም፣ እንደ እትዬ፣ ለዚሁ ነው። የጻፍኩትን ጮክ ብላ አነበበችው፤

«‹በመጨረሻም ታናሽየው ይመጣል። አያንኳኳም፣ በጥፍሩ በሩን ይጭራል። እህቱ ጋደም ብላለች፣ ግን ነቅታለች፣ ትሰማዋለች፣ አትከፍትለትም።› ግጥምህንም ላንብብልህ?»

«ተይው» አልኳት። አልተወችውም።

«‹በደጅ የቀረ ሰው አያንኳኳም ደፍሮ፣
በጥፍሩ ይለምናል ሦስቴ በሩን ጭሮ።›»

«ታዲያ ምን ነውር አለው?» አለ ጋሽ ሸምሱ፣ «ቆንጆ ግጥም ነው እኮ።»

ወደ እሱ አልዞረችም። «አባታችን ቁጡ ሰው ነበር» አለችኝ፣ ድምጿ ድንገት ወረደ፣ «ወንድሜ ገመቹ ሲያመሽ በሩን በጥፍሩ ሦስት ጊዜ ይጭራል፣ እኔ ቀስ ብዬ እከፍትለታለሁ። ከእኛ ከሁለታችን ሌላ ይህን የሚያውቅ የለም። የመጨረሻው ዕለት ተጣልተን ነበር። መጣ፣ ጫረ። ነቅቼ ነበር፣ አልተነሳሁም። ጠዋት ‹ለእርሻ ሥራ አንገር ጉቲን ሄደ› አሉኝ፣ ይኸው አራት ዓመት፣ ወሬው የለም። ነቅቼ እንደነበር ለማንም፣ በጸሎት እንኳን አልተናገርኩም። አሁን ንገረኝ፣ ማን ነገረህ? እሱ ነው? ነቅቼ እንደነበር ያውቅ ነበር?»

እኔ ጋሽ ሸምሱን አየሁት፣ የአዴ ጫልቱን ቤተሰብ ከድሮ ጀምሮ ያውቃል፣ ምናልባት አንድ ቀን ሲያወራ ሰምቼ ረስቼው ይሆናል አልኩ፣ እሱ ደግሞ እኔን ያየኝ ነበር፣ አስተያየቱ ኪሱ ውስጥ የሌባ እጅ ያገኘ ሰው አስተያየት ነው። እውነቱን ለመናገር እሷንም ጠርጥሬያታለሁ፣ ጽሑፌን ካነበበች በኋላ ትዝታዋን በልኩ የሰፋችው ይሆን ብዬ።

«ወላሂ፣ ይኼ ቀላል ነገር ነው» አለ ጋሽ ሸምሱ፣ «ዴኩ እዚህ፣ ሲዲው እዚህ። እንየው።» ክፍል ሁለትን ከተተውና ወደ መጨረሻው አሳለፈው። እዚያ ውስጥ ምን እንዳለ ከሦስታችን የማላውቅ እኔ ነኛ!

ርስቱ ተከፋፈለ፣ እህትየው ተሞሸረች፣ ዘፈን ተዘፈነ። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ በሩ ብቻ ቴሌቪዥኑን ሞላው፣ ከድምፅ ማጉያውም «ክርር» የሚል ነገር ተሰማ፣ ትንሽ ቆይቶ «ክርር»፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ ጊዜ ደግሞ። ከዚያ ዘፈኑ ቀጠለ።

«ሲዲው ተጭሯል» አለ ጋሽ ሸምሱ። አወጣው፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ ወደ አምፖሉ ቀና አድርጎ ገልበጥ ገልበጥ አደረገው። እኔም አየሁት፣ እንደ መስታወት ንጹሕ ነበር። መልሶ ሲከተው ሙሽራዋ ሳትቆም አለፈች፣ ደግመን ሞከርነው፣ አሁንም አለፈች። ለሦስተኛ ጊዜ ሊሞክር ሲል መብራት ሄደ፣ መስኮት የሌለው ሱቅም ጨለመ።

«የት ላይ ነው ታዲያ የሚጭረው?» አለች አዴ ጫልቱ ከጨለማው ውስጥ፣ ሳትጮህ። «የት ላይ ነው ያየኸው?»

አላስቻለኝም። «አላየሁትም» አልኳት፣ «ክፍል ሁለትን አይቼ አላውቅም። የዚህን ብቻ አይደለም፣ የአንዱንም። ፈጥሬ ነው የጻፍኩት።»

«አንተ!» አለ ጋሽ ሸምሱ፣ «ደንበኞቼን ስንት ጊዜ…» አልጨረሰውም። በዚያች ቅጽበት እዚያ ቤት ውስጥ ገጣሚነቴ እንዳበቃ ገባኝ። እሷ ግን አልተቆጣችም፣ የባሰ ጠጋ አለችኝ።

«ፈጠርከው፣ እሺ። ሰው ሲፈጥር ከምን ይነሳል? በር ማንኳኳት እያለ ለምን ጥፍር አልክ?»

ያኔ ትዝ አለኝ፣ ትዝ ባይለኝ ይሻለኝ ነበር። ያንን አስተያየት የጻፍኩት እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ጋሽ ሸምሱ ለስግደት ሄዶ፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ብቻዬን ተቀምጬ ነው። የምጽፈው ጠፍቶኝ እስክሪብቶዬን ስነክስ ከበሩ ታች የሆነ ነገር ሲጭር ሰማሁ፣ አይጥ ነው ብዬ በእግሬ ወለሉን መታሁ፣ ዝም አለ፣ እኔም ጥሩ ሐሳብ አገኘሁ ብዬ ጻፍኩት። ስንት ጊዜ እንደጫረ ያኔ አልቆጠርኩም፣ ሦስት ያልኩት የግጥሙ መስመር እንዲሞላልኝ ነው፣ እመኑኝ፣ ለመስመር መሙያ ብቻ ነው።

«አይጥ ሰምቼ ነው» አልኳት፣ «በሩ ላይ።»

ወደ በሩ ዞረች። የስልኳን መብራት አበራችና ሄዳ ከቁልፉ ዝቅ ብላ ተቀመጠች፣ መዳፏን ላሜራው ላይ አሳረፈች።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ይህን በር ከየት ነው የገዛኸው?»

«ከአሮጌ ዕቃ ተራ ነዋ፣ መንገድ ሲሰፋ ከፈረሱት ቤቶች የወጣ ነው። ቀለሙን ነው እኔ የቀባሁት።»

«የእኛም ቤት ያኔ ፈርሷል» አለች። ጣቷን ወደ ታች ጎተተችው፣ ከሰማያዊው ቀለም ሥር ቀጫጭን ጭረቶች ነበሩ፣ ብዙ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡ። ያንን በር ስንቴ ተደግፌዋለሁ፣ አንድ ቀን አላየኋቸውም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ከዚያ ወዲህ ያለውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ መጨረሻ ላይ እንዳትጠብቁኝ። ጋሽ ሸምሱ አብሮኝ አይቀመጥም፣ ያን ዕለት ሰው ቀጥሬ ደጅ ያቆምኩ ይመስለዋል፣ እኔም አንዳንድ ቀን እሱን እጠረጥረዋለሁ። አዴ ጫልቱ ደህና ናት፣ ሥራዋ ላይ ናት፣ ጎረቤቶቿ ብቻዋን ነው የምትኖረው ይላሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ገበያ ውስጥ የወንድ ጫማ ስትገዛ አይቻታለሁ፣ አርባ ሁለት ቁጥር፣ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

አዎ፣ ያን ዕለት። መብራት የለም፣ ዴኩ ጠፍቷል፣ ዝናቡ ድንገት ጋብ ብሎ ከጣራው ጠብ ጠብ የሚለው ብቻ ይሰማል። እሷ ገና እጇን ከበሩ አላነሳችም።

ክርር።

ጋሽ ሸምሱ «አይጥ ነው» አለ።

ክርር። በመዳፏ ሥር መሆን አለበት፣ ጣቶቿን ዘርግታ ላሜራውን ስትጫን አየሁ። ሦስተኛውን ስንጠብቅ የቆየነው ጊዜ ስንት እንደሆነ አላውቅም፣ ግን መጣ።

ተነሳች። ሻርፗን አስተካከለችና ወደ እኔ ዞረች፤ «አንተ ጽሑፍ ላይ ማን ከፈተለት?»

«ማንም» አልኳት።

መቀርቀሪያውን ሳበችው። በሩን የከፈተችው አንድ ሰው በሚያሳልፍ ልክ ነው፣ ከቆምኩበት የሚታየኝ ግራጫ ሰማይና የውሃ ኩሬ ብቻ ነበር። «ኮቱ» አለች በኦሮምኛ፣ ና ማለቷ ነው፣ ለእኔ አልነበረም። ከዚያም ጠባብ መንገድ ላይ አብሮት ለሚሄድ ሰው ቦታ እንደሚለቅ ሰው ጎኗን ሰጥታ ወጣች፣ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።