እርካብ የሌላቸው ፈረሰኞች

ፈጠራ ነው የሚል ካለ እናቴ ምስክሬ ናት። ሌሊት አይደለም፣ መብራትም አልጠፋም። ልክ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ በመስኮት ፍንትው ብላ እየገባች የሆነ ነው...

ታላቅ ወንድሜ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ባለሙያ ነበር። ከሥራ መልስ ደግሞ ከአውራ ጣት የማይበልጡ የፕላስቲክ ወታደሮችን ይሠራል። ቀለም ቀብተን ጠረጴዛ ላይ እናሰልፋቸውና ዳይስ እየጣልን እንዋጋለን።

አራት ዓመት ሙሉ አንድ የጥንት የቻይና ጦር ስንሠራ ነበር። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ጦር ነው።

ወንድሜ በዚህ ቀልድ አያውቅም። የአንዱ ወታደር የፀጉር ቋጠሮ ወደ ቀኝ ካላዘነበለ ነቅሎ እንደ አዲስ ይሠራዋል። የሞተ ሰው ራሱን መከላከል አይችልም፣ ስለዚህ አንዋሽበትም ይለኝ ነበር።

መጨረሻ ላይ አሥራ ሁለት ፈረሰኞች ቀሩን። እነሱን ግን ተሠርተው ነው የገዛናቸው፣ እርካብ አላቸው። በዚያ ዘመን ደግሞ የፈረሰኛ እግር መርገጫ ገና አልነበረም። ወንድሜ በሞረድ ፍቀህ አጥፋው አለኝ። እኔ ሰነፉ እንዳለ ቀብቼ አመጣሁለት።

ተቆጣ። ማን አጉሊ መነጽር ይዞ ያየዋል ብዬ ሳቅኩበት። ከዚያም አፌ አመለጠኝ።

"ሚስት የለህ... ልጅ የለህ... ያለህ ፕላስቲክ ብቻ ነው።"

በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

በሳምንቱ ሁለቴ ደወለ። አላነሳሁም። ኩራት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? በሦስተኛው ሳምንት ልቡ ቀጥ አለች። ነገሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከቀብሩ በኋላ ፈረሰኞቹን ላስተካክልለት ወሰንኩ። ሌላ ይቅርታ የምጠይቅበት መንገድ አልነበረኝም። የሚኖረው ከእናታችን ጋር ስለነበር ወደዚያው ሄድኩ። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋለች።

"ቀስ..."

"ምነው እማዬ?"

"እየሠራ ነው።"

ሐዘኑ ነው አልኩ በልቤ። እቅፍ አድርጌ ላስገባት ስል ግን...

ክርር... ክርር...

የሞረድ ድምፅ።

የወንድሜን ክፍል በር ስከፍት ቆመ። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ጠረጴዛው ላይ የአንዱ ፈረስ እርካብ ተፍቆ ጠፍቷል፣ ነጩ ዱቄት አጠገቡ ተበትኗል። ወንበሩን ነካሁት...

ሞቃት ነው።

በማግስቱ ሁለተኛው ተፋቀ። ከዚያ ሦስተኛው። ሞረዱን ኪሴ ከትቼ ቤቴ ወሰድኩት። ድምፁ ግን እዚያው እናቴ ቤት በሰዓቱ መጣ።

መጀመሪያ እፈራ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ... እያደር ግን ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ መቆየት አቃተኝ። ከእናቴ ጋር በሩ ላይ ጆሯችንን ለጥፈን እናዳምጣለን።

አሥራ ሁለተኛው ሲያልቅ ነው የባሰው ፍርሃት የያዘኝ። ሥራው አለቀ ብሎ ቢሄድብኝስ?

ሄጄ ሌላ አሥራ ሁለት ፈረሰኛ ገዛሁ።

ሁሉንም ቀባኋቸው። እርካባቸውን ግን ሆን ብዬ አልነካሁትም። ወንድሜ እንዲህ ያለ ስህተት አይቶ እንደማያልፍ አውቃለሁ። ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ባዶውን ወንበር አየሁ።

"ና አርመኝ" አልኩት። "ያን ቀን ያልኩህን... ይቅር በለኝ።"

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስደርስ ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም። ድምፅም የለም። እናቴ ሳሎን እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች።

"ጨረሰ" አለችኝ በሹክሹክታ።

ገባሁ። ዱቄት የለም። የአዲሶቹ ፈረሶች ሃያ አራቱም እርካቦች፣ የግራም የቀኝም፣ እንዳሉ ናቸው።

ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ስህተት ያላሳለፈው ወንድሜ አልፋቃቸውም። በብርማ ቀለም አሳምሮ ቀብቷቸዋል... አንድ በአንድ... ለእኔ ሲል።

እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ አንዱን በጣቴ ጫፍ ነካሁት። እርጥብ ነው።

ይህ ከሆነ ሰባት ወር አለፈው። የሞረዱ ድምፅ ተመልሶ አልመጣም። ዛሬም ሄጄ ነካሁት...

ቀለሙ አልደረቀም።