ያልታጠበው ዶማ

በዘርማት መንግሥት፣ በመከር በዓል ዕለት፣ ንጉሥ ሐርቤል የዓመቱን የመጀመሪያ ድንች በቢላ ሲከፍሉት ከውስጡ ጥቁር ውኃ ፈስሶ ገበታውን አረከሰው። መኳንንቱ «ሙርጉድ ነው!» እያሉ ተንሾካሾኩ። ሙርጉድ ከእሳቱ ተራራ ሥር የሚኖር፣ ወንዝ የሚያህል፣ ሥራሥር በሊታ ትል ነው። በዚያ አገር በጓሮው ድንች የሌለው ቤት ክረምቱን አይሻገርምና ያልፈራ ሰው አልነበረም።

ትርንጎ የምትባል የገበሬ ልጅ አውሬውን እንድትገድል የተመረጠችው ጀግና ነኝ ብላ ሳይሆን ዕጣ ወጥቶባት ነው። የፈሩት ይደርሳል። በየመከሩ የመጀመሪያው ድንች የሚቆፈርበትን የነገሥታቱን የነሐስ ዶማ ተቀብላ ማለች፦ «ጥቁሩ በሽታ ከምድራችን እስኪጠፋ ይህ ዶማ ከእጄ አይለይ!» መሐላውም ያዘ፤ መዳፏ ከእጀታው ጋር ተጣበቀ። በዶማው ላይ የጋገረው አፈር የአባቶች ጓሮ በረከት ነው ስለሚባል ማጠብ ነውር ነበር። መቶ ዓመት ሙሉ ማንም አላጠበውም።

ከሽማግሌው ወታደር ከባሻ ደርጉም ጋር መንገድ ጀመረች። በየመንደሩ ሰው እየሰገደ «ጓሯችንን ባርኪልን» ሲላት እየፈራችም ቢሆን በዶማው ትቆፍርላቸዋለች። ሦስተኛውን መንደር አልፈው ከኮረብታ ላይ ዞር ብለው ሲያዩ ከኋላቸው ያለው የድንች ቅጠል ሁሉ ጠውልጓል።

«ባሻ፣ ትሉ እየተከተለን ነው እንዴ?» አለች።

«ፊት ፊቱን እዪ ልጄ» አሉ ባሻ። ጦራቸውን ግን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

ሙርጉድን ከተራራው ሥር፣ ከእሳቱ ምንጭ አጠገብ አገኙት። ከስቶ ቆዳው ተሸብሽቧል። ትርንጎ ዶማውን ስታነሣ አውሬው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አታስጠጊብኝ!» አለ። «እኔ የምበላው ጤነኛ ሥር ነው፤ ብስባሹማ በረሃብ ጨረሰኝ። ሞቱ ያለው በዶማሽ አፈር ውስጥ ነው። ከጓሮ ጓሮ የምታዳርሺው አንቺ ነሽ! መቶ ዓመት የጋገረውን ያንን አፈር ውኃ አያስለቅቀውም፤ እሳት ብቻ።»

ትርንጎ የባረከቻቸው ሰዎች ፊት ታወሳትና አለቀሰች። ቀጥሎ ያለው መንደር የእናቷ ነበር።

ባሻ ዶማውን ሊያላቅቁ ታገሉ፤ አልሆነም። «ጃንሆይ ዘንድ እንመለስ» አሉ።

«ስንመለስ ስንት ጓሮ ልናጠፋ ነው? ወገቤን ይያዙኝ ባሻ። እሸሻለሁ፤ እንዳይለቁኝ።»

ባሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዟት። ትርንጎ ዶማውን ከነእጇ እሳቱ ውስጥ ከተተች። ለመሸሽ ታግላ ነበር፤ ሽማግሌው ግን አለቀቋትም። ነሐሱ ቀለጠ፣ አፈሩ አመድ ሆነ፣ ቀኝ እጇም አብሮ ሄደ።

ቁስሏ እስኪደርቅ ሁለት ወር ፈጀ። ባሻ እየዞሩ የታመሙትን ጓሮዎች አስቃጠሉ፤ ለአገሩ ዘር የሚሆነው ዶማው ያልደረሰበት የእናቷ ጓሮ ነበር። ትርንጎ ከደጁ ስትደርስ ቅጠሉ ለምልሞ አየችው። እናቷ እልል እያለች ልታቅፋት ሮጠች።

«እማዬ ቁሚ! አትንኪኝ፣ መጀመሪያ ውኃ! እግሬ የመንገድ አፈር ይዟል።»

እናቷ ግራ ገብቷት ውኃ በማሰሮ አመጣች። እግሯን አስታጠበቻት። ትርንጎ መንገዱን ሁሉ የፈራችው ይህችን ሰዓት ነበር። ግራ እጇን ከኩታዋ ሥር አወጣች።

እናቷ በደስታ እየሳቀች ውኃውን አፈሰሰችላትና፣ «ሌላኛውንም አምጪ እንጂ ልጄ» አለቻት።